«ማጠቢያ ማሽን አለው ወይ?» ለምትሉን ደንበኞቻችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን፤ እንዴት ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን አንድ ጥያቄ ነው። ጎንደር ላይ ለእንግዳ ከምናከራያቸው አምስት ቤቶች አንዱን ሊይዝ የሚደውል ሰው ድሮ «ከፒያሳ ምን ያህል ይርቃል?» ነበር የሚለው። አሁን አሁን ሰላምታው ሳያልቅ «ማጠቢያ ማሽን አለው ወይ?» ሆኗል። «ከአምስቱ ቤቶች አንዱ ብቻ ነው ያለው» ስንል ስልኩ ጭጭ ይላል። ባለፈው አንዲት ከውጭ የምትመጣ እህታችን «ሁለት ልጅ ይዤ ነው የምመጣው፤ በሳፋ ላጥብ ነው እንዴ?» አለችን። መመለስ ስንጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። የቀረው መልስ ይኸው፤ ለእሷም ለሁላችሁም።

ማሽን መግዛት አቅቶን አይደለም። ገዝተን ነበር። ሥራ ስንጀምር ሦስት ቤት ውስጥ አስገባን። መልሰን ያወጣናቸውም እኛው ነን።

ነገሩ የተበላሸው በጥምቀት ነው። ጎንደር ለጥምቀት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አንነግርም። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ሚካኤል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ሻንጣ ውስጥ የከረመ ነጭ ልብስ ደግሞ እንዳለ አይለበስም። እናም ጥር 9 ከሰዓት በኋላ፣ አምስቱም ቤት እንግዳ ሞልቶት ሳለ፣ ሦስቱም ማሽን በአንድ ጊዜ ተነሣ። ያኔ የገዛናቸው ከላይ የሚከፈቱት ዓይነት ነበሩ። እነዚህ አንዱን ዙር አጥበውና አለቅልቀው እስኪጨርሱ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ይጠጣሉ። በጀሪካን ቁጠሩት፤ አምስት ጀሪካን አልፎ ነው። አንዱ ቤት ሦስት ዙር አጠበ። ሌላውም እንደዚያው።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ሮቶው ተንጠፈጠፈ። ሦስተኛ ፎቅ ያረፉ አንድ ትልቅ ሰው ራሳቸውን በሳሙና አረፋ እንደሸፈኑ ቧንቧው ማስነጠስ ጀመረ። ፎጣ አገልድመው በበሩ ብቅ አሉና «ልጆች፣ ውሃውን ምን አደረጋችሁት?» አሉን። ምን እንበላቸው? ልብስ አጠብንበት። ከጎረቤት ጀሪካን ተዋስን፣ በደረጃ ተሸክመን አወጣን፣ ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸው ስቀው አለፉት። እኛ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

የጎንደር ውሃ ነገር የታወቀ ነው። ለረጅም ጊዜ ከተማዋን ያጠጣት የአንገረብ ግድብ ነው፤ ከተማዋ ግን ከግድቡ በላይ አድጋለች። ስለዚህ ውሃው በፈረቃ ይመጣል። ሲመጣ ሮቶ ይሞላል፤ ሲቀር ከሮቶ ይኖራል። አምስት ቤት በአንድ ሮቶ ሲኖር ደግሞ የአንዱ ቤት ማሽን የሌላውን ቤት ሻወር ይጠጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንመን። በእጅ ማጠብ ውሃ ይቆጥባል እያልን አይደለም። እንዲያውም አዲሶቹ ከፊት የሚከፈቱ ማሽኖች ለአንድ ዙር 50 ሊትር ገደማ ይበቃቸዋል። በሳፋ አጥቦ ሦስት ጊዜ የሚያለቀልቅ ሰው ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ ቀኑ ላይ ነው። አጣቢያችን የምትመጣው ውሃ በመጣ ቀን ነው። ቧንቧው እየፈሰሰ ታጥባለች፤ እሷ ስትጨርስ ሮቶውም ሞልቶ ያድራል። ማሽን ግን ፈረቃ አያውቅም። እንግዳውም አያውቅም፣ ሊያውቅም አይገባውም፤ ለማረፍ ነው የመጣው።

ሁለቱን ማሽኖች ሸጥን። ሦስተኛውን ከፊት በሚከፈት ዓይነት ቀየርነው። የተረፈው ገንዘብ ሁለተኛ ሮቶና የውሃ ፓምፕ ሆነ፤ ጨምረንበት በየቤቱ 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሰቀልን። ለዚህ ነገር አጥብቀን እንከራከራለን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ይነካል። ቀኑን ሙሉ ግንቡን ዞራችሁ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሳችሁ፣ ቁስቋም ወጥታችሁ ስትመለሱ የምትፈልጉት ሙቅ ውሃ ነው። የታጠበ ካልሲ ለነገ ይደርሳል። ቦይለሩ ውሃውን በደንብ ለማሞቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ ከቤት ስትወጡ አብሩት ወይም ለእኛ ንገሩን።

የቀረው አንድ ማሽን ያለው ምድር ቤት ነው። ለምን ሦስተኛ ፎቅ አላደረጋችሁትም ለሚሉን፣ ምክንያቱ የውሃ ግፊት ነው። ሮቶው ጣራ ላይ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሲወርድ የሚያገኘው ግፊት አንድ ባር ገደማ ነው። ምድር ቤት ሲደርስ ለማሽን ይበቃል። ሦስተኛ ፎቅ ግን ከሮቶው በታች ሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ ውሃው እየተንጠባጠበ ይገባል፤ ማሽኑም ጠብቆ ጠብቆ ይሰለቸውና የስሕተት ቁጥር ጽፎ ይቆማል። ሞክረነዋል።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም በግልጽ እንንገራችሁ። ማሽን ያለው ቤት የፋሲል ግንብ አይታየውም። በረንዳም የለውም። በመስኮቱ የሚታየው የግቢው አጥርና የአጣቢያችን ገመድ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ማሽን የለውም፤ ጠዋት ግን ፀሐይ በረንዳው ላይ ትወጣለች፣ ቡና ረከቦቱን ይዛችሁ ውጭ ትቀመጣላችሁ፣ ከዛፎቹ በላይ ግንቡ ይታያል። ዋጋቸው እኩል ነው። ሁለቱንም በአንድ ቤት ማግኘት አልቻልንም።

የመብራቱን ነገር ሳንነግራችሁ ብናልፍ ደግሞ ታዝኑብናላችሁ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃ ይዞ እያለ መብራት ከጠፋ በሩ እንደተቆለፈ ይቀራል። ቢከፈት ውሃው ሳሎን ውስጥ ስለሚገባ ነው እንዲህ የተሠራው። አንድ እንግዳችን በማግስቱ ጠዋት ከአዘዞ የሚበር አውሮፕላን ነበረው። ማታ የሚሄድበትን ሱሪ ጨምሮ ያለውን ሁሉ ከተተ። መብራቱ ሄደ። እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ጠበቀ፤ አልመጣም። ከማሽኑ ሥር ባለችው ትንሽ ክዳን በኩል ማጣሪያውን ፈታን፣ ውሃውን በሳፋ እየተቀበልን አፈሰስን፣ በሩም ተከፈተ። ሱሪው ወጣ፤ ግን ይንጠባጠባል። የእኛን ሱሪ ለብሶ አዲስ አበባ ገባ። ከወር በኋላ በሰው ላከልን፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ። አሁን ማሽኑ ላይ ስታብላይዘር አድርገናል፤ እሱ ግን ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ማሽኑ እንዳይቃጠል ነው እንጂ መብራት አያመጣም። ሊሄዱ ባሉበት ማታ ማሽን ውስጥ ልብስ አይክተቱ።

ማድረቂያ ማሽን ለምን አታስገቡም ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የጎንደር ፀሐይ እያለች ማድረቂያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ጣራ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ ለምሳ ሰዓት ደርቆ ይወርዳል። አንድ ጠንቀቅ ያለ ነገር ቢኖር ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች፤ ባለቀለም ልብስ ተገልብጦ ይሰጣ።

ስለ አገር ልብስ ትንሽ እንዘግይ፤ ብዙ ፀብ ያየነው በእሱ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ሲደርቅ ቀላል ይመስላል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን የሚከብደውን የተሸከመው ያውቃል። ማሽን ውስጥ ሲገባ በአንድ ወገን ይጠቀለልና ሲጨምቅ ማሽኑ ወለሉ ላይ እየዘለለ ይሄዳል። ጥበብ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ማሽን ውስጥ ከገባ ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ይችላል። ሸማኔው ስንት ቀን የተቀመጠበትን ነገር በአርባ ደቂቃ ሮዝ አድርገው ያወጡ እንግዶች አሉን። አጣቢያችን ቀሚስ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ፣ ሳትጠመዝዝ፣ ጥላ ሥር ነው የምታሰጣው። ለጋቢ አልፎ አልፎ እንዶድ ታመጣለች። እንዶድ የአያቶቻችን ሳሙና ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው በዚሁ ነው፤ ቀንድ አውጣ በሚያስተላልፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ያደረገው ምርምር ከዚያ ተነሣ። እኛ ስለ ቀንድ አውጣው አናውቅም፤ ጋቢው ግን ለስልሶ ይወጣል።

ክረምት ሲሆን ያልነውን ሁሉ ገልብጡት። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የለችም። የተሰጣ ጂንስ ሁለት ሦስት ቀን ይከርምና ሽታ ይዞ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት የምትመጡ ከሆነ እይታውን ተዉትና ምድር ቤቱን ያዙ። ማሽኑ ጨምቆ ስለሚያወጣው ልብሱ በጣሪያ ሥር በተዘረጋው ገመድ ላይም ይደርቃል። ግንቡም ቢሆን በጉም ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

ስሜን ተራሮች የምትሄዱ ሌላ ጉዳይ ናችሁ። የተራሮቹ መግቢያ ደባርቅ ከእኛ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምታድሩባቸው ሰንቃበርና ጭነቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ወፍራም ልብስ ትይዛላችሁ፤ ወፍራሙ ልብስ አቧራውንና የእሳቱን ጭስ ይዞ ይመለሳል። ለዚያ ማሽን ያለው ቤት መያዝ አያስፈልጋችሁም። የምትመለሱበትን ቀን ቀድማችሁ ንገሩን፣ አጣቢያችንን እንጠራለን። የትም ብታርፉ ከስሜን በተመለሳችሁ ማግስት አውሮፕላን አትቁረጡ፤ አንድ ቀን ለልብሱም ለጉልበቱም ይተርፍ።

ስለ አጣቢያችን ማወቅ ያለባችሁ ትንሽ ነገር አለ። እሁድና በትልልቅ በዓላት ልብስ አታጥብም። ብትለምኗትም አታጥብም። የውስጥ ልብስ አትቀበልም፤ ለእሱ በየመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ ሳፋና ኦሞ አስቀምጠናል። ሒሳቡ በልብስ ቁጥር ነው፤ የምትከፍሉትም ለእሷ ነው፣ እኛ መሐል አንገባም። በረኪና የማትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ነጭ ካየች እጇ ወደ በረኪናው ይሄዳል። ተቆጥቶ የሚያዛትን አትወድም፤ «እናቴ» ካላችኋት ግን ቁልፉ የተበጠሰውን ሸሚዝ ሁሉ ሰፍታ ነው የምታመጣው።

እኛ ጋ ባታርፉም ቅር አይለንም። ሌላ ቤት ስትጠይቁ ግን «ማሽን አለው?» ብላችሁ አትቁሙ። አለ ይሏችኋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚጠቅማችሁ። ማሽኑ ቤታችሁ ውስጥ ነው ወይስ ለግቢው በጋራ? ውሃ ሲጠፋ ከምን ይጠጣል? ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ ስንት ቤት ይጋራዋል? ልብሱ የት ይሰጣል? ገመዱ መንገድ ዳር ከሆነ ከባጃጁ አቧራ ጋር ነው የምትወስዱት። አንድ ሰሞን እኛው ራሳችን ሌላ ከተማ ማሽን አለው ተብለን የያዝነው ቤት ውስጥ ማሽኑ ነበር፤ ከውሃ መስመር ጋር አልተገናኘም እንጂ። ቴሌቪዥን ተቀምጦበታል።

በእኛ ግምት ከአራት አዳር በታች የምትቆዩ ስለ ልብስ ማጠብ ባታስቡ ይሻላል። ትርፍ ሸሚዝ ያዙና ፀሐዩን ቤት ምረጡ። አሥር ቀን የምትቆዩ፣ ወይም ሕፃን የያዛችሁ፣ ወይም የታመመ ለማሳከም መጥታችሁ አንሶላ በየቀኑ የምትቀይሩ ከሆነ ግን ምድር ቤቱ የእናንተ ነው፤ ሌላ ሰው ቢይዘውም ተነጋግረን እንዲለቅላችሁ እንሞክራለን። በመሐል ያላችሁት ደውሉልን። የጫጩት ያህል ልብስ ይዞ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ አለ፤ ለሦስት ቀን ሰርግ አራት ሻንጣ የሚያወርድም አይተናል። ሁሉንም በአንድ ሕግ አንዳኝም።

ለዚያች ሁለት ልጅ ለያዘችው እህታችን፦ ምድር ቤቱን ለአሥር ቀን በስምሽ ይዘንልሻል። ልጆቹ ጣራ ላይ መውጣት ከፈለጉ የሦስተኛ ፎቅ እንግዶች አይከለክሏቸውም። ቁርጡን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አሳውቂን፤ ለጥምቀት የሚጠይቅ ሌላ ሰው አለ።

ከአክብሮት ጋር
የቤቶቹ አከራዮች፣ ጎንደር