ይድረስ ለኮሌጁ ቦርድ፦ ስለ ሁለት ኤሌክትሮድ

ለተከበራችሁ የኮሌጁ የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና አባላት፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ የወፍጮ ዕቃ እጠግናለሁ፣ የተሰበረ የባጃጅ ሻንሲ እበይዳለሁ። ሰፈሩ ሳልዳቶሬው ይለኛል፣ በያጁ ማለት ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን ስም እዚህ አልጠራም። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ እናንተው መሆናችሁን ታውቁታላችሁ። ሌላ ኮሌጅም አንብቦ «ይሄማ እኛን ነው» ካለ አልቀየምም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ልጅ ነው።

ባለፈው ዓመት ለትብብር ሥልጠና ከእናንተ ዘንድ አራት ሰልጣኞች ተላኩልኝ። አንዷ ሴት ናት። የምደባ ደብዳቤዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ቱታዋን ተኩሳ መጣች። ቱታው ላይ አንዲት የፍንጣሪ ቀዳዳ የለችበትም። የበያጅ ቱታ እኮ ወንፊት ነው። ያኔውኑ ጠረጠርኩ።

ቁራጭ ቱቦላሬ ሞርሳ ላይ አሰርኩላትና ማስኩንና የኤሌክትሮዱን መያዣ ሰጠኋት። ኤሌክትሮዱን፣ ያን እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ስታስነካው ተጣበቀ። አላቀቀችው። ደግማ ሞከረች፣ ተጣበቀ። በሦስተኛው እሳቱ ያዘላት፤ እሷ ግን ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

«አብሽሪ» አልኳት። «ኮሌጅ ስንት ኤሌክትሮድ ታቃጥሉ ነበር?»

«ሲኖር በሳምንት ሁለት ነው ጋሼ። ሳይኖር አንዱን ለሁለት።»

ከመካከላችሁ ብየዳ ይዞ የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳ። 2.5 የምንላት ቀጭኗ ኤሌክትሮድ ከነደደች አንድ ደቂቃ ያህል ብትቆይ ነው። ከዚያ ጉማጇ ይጣላል። በሳምንት ሁለት ኤሌክትሮድ ማለት እንግዲህ በሳምንት ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። 30 ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ቢሰጣት እንኳ ተደምሮ አንድ ሰዓት ነው። እንጀራ መጋገር በአንድ ሰዓት ይለመዳል? እናቶቻችንን ጠይቁ።

ብየዳ ደግሞ በጆሮም ጭምር ነው የሚለመደው። እጅህ ትክክለኛው ርቀት ላይ ሲሆን ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ቸር ይላል። ስትርቅ ይንፈቀፈቃል፣ ስትጠጋ ይታፈናል። ይህን በስላይድ ማስተማር አይቻልም። ልጅቱ ደብተሯ ላይ የኤሌክትሮድ ዓይነቶችን ከነቁጥራቸው በሚያምር ጽሑፍ ጽፋለች። እኔ የማላውቀውን ሁሉ ታውቃለች። ያቺን ድምፅ ግን ሰምታት አታውቅም።

አሰልጣኞቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። አንዱን አውቀዋለሁ፤ እጁ የተባረከ ነው። «ኤሌክትሮድ በመስከረም ጠይቄ ነበር፣ ግዥ ላይ ነው ይሉኛል» አለኝ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ተወዳድሮ፣ ዕቃው ንብረት ክፍል ገብቶ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ወርክሾፕ እስኪደርስ ሰሚስተሩ ያልቃል። ኪሎው 50 ገደማ ኤሌክትሮድ ይወጣዋል። ዋጋው እንደጨመረ አላጣሁትም፣ ከኪሴ ነው የምገዛው። ግን ዳቦ የሌለው ዳቦ ቤት አይከፈትም። ብየዳ የሚያሠለጥን ቤት ኤሌክትሮድ ከሌለው ምን ብሎ ይከፈታል?

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ሎግ ቡክ፣ ሰልጣኙ በየቀኑ የሠራው የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ይዞ መጣ። የጎረቤቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ማህተም ብቻ ይምቱልኝ። ሌላውን እኔ ሞልቼዋለሁ» አለኝ። አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ እኔ ቤት ሲሠራ ኖሯል! ሰኞ በር፣ ማክሰኞ መስኮት፣ ረቡዕ የውሃ ታንከር መቆሚያ። ቀኑም የሥራው ዓይነትም አለ። «የአሠሪው አስተያየት» በሚለው ቦታ «ታታሪና ሥነ ምግባር ያለው» ብሎ ስለ ራሱ ጽፎልኛል።

መታሁለት። እናቱን እንዴት ፊቷን አያለሁ ብዬ መታሁለት። እናንተ ዘንድ ወረቀቱ አለፈ። የደወለልኝ የለም፣ መጥቶ ያየ የለም። ልጁ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። በበሬ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል። ደግ ልጅ ነው። ክላክሱን በነካው ቁጥር ግን ያቺ ማህተም ትዝ ትለኛለች።

ይህንን ያነሳሁት አንድ ጊዜ «ባለድርሻ አካላት» ተብለን አዳራሽ ተጠርተን ስለነበር ነው። ፊት ለፊት እናንተ ተቀምጣችኋል። የታሸገ ውሃ በየፊታችሁ፣ ባነሩ ከኋላችሁ። ሪፖርት ሲቀርብ የትብብር ሥልጠና «ከዕቅድ በላይ ተፈጽሟል» ተባለና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዕቅድ በላይ በተባለው ውስጥ የእኔ ማህተም እንዳለች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምናልባት አዳራሹ ውስጥ ሌላም ማህተም መቺ ነበረ፤ እሱም ሲያጨበጭብ ነበር።

ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ፣ ቁጥር 954፣ ተቋምና ድርጅት ተጋግዘው እንዲያሠለጥኑ ደንግጓል። መንገዱ የጀርመኖች ነው። እኔም እስቲ እነሱ ቦርዳቸውን እንዴት ያዋቅራሉ ብዬ ሰው አስፈልጌ አነበብኩ። በሕጋቸው የሙያ ሥልጠናን የሚመለከተው የየአካባቢው ኮሚቴ 6 የአሠሪ ተወካይ፣ 6 የሠራተኛ ተወካይና 6 መምህራን አሉት። መምህራኑ በአብዛኛው የሚገቡት ለምክር ነው። ወሳኞቹ ብረቱን የሚያሠሩትና የሚሠሩት ናቸው ማለት ነው። እኛ ቤት ስንመጣ ቦርድ ላይ የምናየው ከየቢሮው በሹመቱ የተወከለ ሰው ነው። ሹመቱ ሲቀየር ሰውየውም ይቀየራል፤ አዲሱ ነገሩ እስኪገባው ዓመቱ አለቀ። ክፉ ሰዎች ናችሁ አላልኩም። እጃችሁ ላይ ግሪስ የለም ነው ያልኩት።

«የኢንዱስትሪ ተወካይ አለን» ትሉ ይሆናል። ከትልቅ ፋብሪካ፣ ከሰው ሀብት ክፍል የመጣ ሰው ነው። ጥሩ። ግን ሰልጣኞቻችሁ የት ነው ያሉት? ኮምቦልቻ ተቀምጦ የሚሠራበት ብረት ማጣት ቦርከና ዳር ቆሞ ውሃ ጠማኝ እንደ ማለት ነው (የዛሬውን የቦርከና ውሃ ማንም ባይጠጣውም)። ጨርቃ ጨርቁ እዚህ፣ ቢራ ፋብሪካው እዚህ፣ የብረታ ብረቱ ፋብሪካ እዚህ፣ በ2009 ሐምሌ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚህ። ልጁ ደብዳቤውን ይዞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይሄዳል። ጥበቃው «ደብዳቤህን ተው፣ እንደውላለን» ይለዋል። አይደወልም። በመጨረሻ የሚመጣው ወደ እኔና እንደ እኔ ወዳሉት፣ ወደ ጋራዡ፣ ወደ ቶርኖ ቤቱ ነው። ስምምነት የምትፈራረሙት ከትልልቆቹ ጋር፣ ልጆቹን የምንቀበለው እኛ።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ የደረሰባቸውን ሁላችንም አይተናል። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ያልተዘረፈ ግቢ ጥቂት ነው። የእኔም ሁለት የብየዳ ማሽን ሄዷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የአሜሪካው የአጎዋ ዕድል (ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባቱ) ተዘጋና ፓርክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ የሰፈራችን ልጆች እቤታቸው ቁጭ አሉ። ስለዚህ ማሽን ጎደለን ብትሉ ይገባኛል። ኤሌክትሮድ ጎደለን ስትሉ ነው የማይገባኝ።

ይህ ነገር አሁን ለምን አንገበገበኝ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። የቀሩት ልጆች የት ይሂዱ? እናንተ ዘንድ ነው የሚመጡት። በእኛ ጊዜ «ቴክኒክ ገባ» ማለት «ወደቀ» ማለት ነበር። እኔ ሙያ ልማር ደሴ ስወጣ አክስቴ አልቅሳለች፤ ከሐረጎ ተራራ ማዶ የቀበረችኝ ነው የሚመስለው። ዛሬ ግን በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው፣ የወሎ ሰው ስሙን ሲጠራ ደረቱን የሚነፋበት ወይዘሮ ስሕን ራሱ ፖሊ ቴክኒክ ነው። ሙያ ክብር አግኝቷል። ስለዚህ ልጁ ኩራቱን ይዞ ነው ወደ ግቢያችሁ የሚገባው።

አሁን ወደምለምናችሁ ልምጣ።

ስትሰበሰቡ ሁሌ የምታዩት አንድ አጀንዳ ይጨመር፤ እሱም የፍጆታ ዕቃ ነው። «በጀት» በሚለው ሥር ተጨፍልቆ ሳይሆን ለብቻው። በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ኪሎ ኤሌክትሮድ ተገዛ? ለስንት ሰልጣኝ? አካፍሉት። መልሱ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሌላውን አጀንዳ አቁሙት። ዓመታዊ ግዥውም ክረምት ላይ ይለቅ፣ ሰልጣኙ ሳይገባ።

ግቢያችሁ ውስጥ ለገቢ ማስገኛ ዴስክና አልጋ ይሠራል። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መሥራት። ግን ልጅቱን «እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?» ስላት «እኛ ቀለም እንቀባለን፣ ወደ መኪና እንጭናለን» አለችኝ። ብየዳውን አሰልጣኞቹና የቀን ሠራተኞቹ ናቸው የሚሠሩት፣ ትዕዛዙ እንዳይበላሽ። እስቲ የዴስኩን እግር ለሰልጣኝ ስጡት። አምስቱን ያበላሽ፣ ስድስተኛው ይቆማል። የተበላሸውን አሰልጣኙ ይጨርሰዋል፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነው።

ከእኛ ከትንንሾቹ አንድ ሰው፣ ከሰልጣኞችም አንድ ሰው ቦርድ ላይ አስቀምጡ። እኔን ማለቴ አይደለም። እኔ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጋራዥ ያላት አንዲት ሴት ብትሆን ደግሞ ይሻላል፤ አለች፣ ፈልጓት። ሎግ ቡኩንም ከልጁ ጋር ብቻ አትላኩት። ማህተም የመታውን ቤት አንድ ሰው መጥቶ ይየው። ቢያንስ ይደውል። እኔ ያን ቀን ስልኬ ቢጮህ ኖሮ እንደማልዋሽ አውቃለሁ።

እና አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ አዳራሹን ትታችሁ ወርክሾፕ ውስጥ ተሰብሰቡ። ለጉብኝት አይደለም። ጉብኝት ሲባል ወለሉ ይታጠባል፣ የካይዘን ሰሌዳው ይወለወላል፣ ጎበዙ ልጅ ተመርጦ ማሽኑ ፊት ይቆማል። ሳትናገሩ ግቡ። ከመዝገብ ላይ አንድ ስም ጥሩና «እስቲ ይችን ሁለት ብረት አያይዝልን» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ሽንኩርቱ ቸር ካለ ሪፖርታችሁ እውነት ነው።

ልጅቱን እኔ ቤት በቀን 20 ኤሌክትሮድ አስቃጠልኳት፣ በውድቅዳቂ ብረት ላይ። የመጀመሪያውን ሳምንት ብረቱን በሳችው። በሁለተኛው ቅርፊቱን በመዶሻ ስታነሳ ከሥሩ የተስተካከለ መስመር ወጣ። ጠርታኝ አሳየችኝ፤ ያኔ ቱታዋ ደረቱ ላይ ሰባት ቀዳዳ ነበረው። ልትሄድ አካባቢ ለአንድ ደንበኛ የግቢ በር ከኔ ጋር ሠርታለች። የታችኛው ማጠፊያ በሙሉ የእሷ ነው። ሰውየው አላወቀም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሲኦሲም፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ተፈትና አልፋለች።

ያንን በር ማየት ከፈለጋችሁ ቤቱ ከእኔ ሱቅ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። መጀመሪያ ግን እኔው ዘንድ ኑ፣ ቡና አለ። ስትመጡ በጠዋት ይሁን። ከሰዓት መብራት ይሄዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምቦልቻው ሳልዳቶሬ