ሚያታ ቤንዚን ሲበላባችሁ
ሰላም ቤተሰብ፣ የ90ዎቹ ማዝዳ ሚያታ ቤንዚን ጨረሰብኝ የምትሉ በዝታችኋል፣ እባካችሁ ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) ቀይሩ ስላሏችሁ ብቻ ገንዘብ አታውጡ! መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ፍቱት፣ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ብዙ ጊዜ ጣጣው ከሞተሩ ጀርባ ያለችው ባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ናት፣ ለጌጁ (ዳሽቦርድ ላይ ላለው የሙቀት መለኪያ) የምትነግረው ሌላ ባለ አንድ ሽቦ ስለሆነች ዳሽቦርዱ ደህና እያሳየ ኮምፒውተሩ ግን ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) ክፍት ሆኖ ከቀረም ሞተሩ ስለማይሞቅ ያው ነው። ያረጀ ኦክስጅን ሴንሰርም (ከጭሱ አይቶ ቤንዚኑ መብዛት ማነሱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል። ካንዴላው ንጹህ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ነድታችሁ ስታቆሙ እጃችሁን ወደ ኋላ ቸርኬዎቹ ጠጋ አድርጉ (እንዳትነኩት ያቃጥላል)፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው፣ የዚህ መኪና የኋላ ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) መያዝ ይወዳል። ያገኛችሁትን ጻፉልን።