ለንስሐ ኑዛዜ ክፍያ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ለኑዛዜ ስንት ልያዝ?» የሚል ጥያቄ ዛሬም ይሰማል። ምንም! ጠንቋዩ ሲሞን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲል ሐዋርያው ጴጥሮስ ገሥጾ የመለሰለትን ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያንብቡ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተነሳሒው ሳይደብቅ፣ በሌላው ሳያላክክ ለንስሐ አባቱ ይናገራል፤ ቀኖና፣ ማለትም የሚፈጽመው ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት፣ ይሰጠዋል፤ ሲፈጽም ከኃጢአቱ ተፈትቶ ይቆርባል። ብዙው ሰው የሚሰናከለው ቀኖናው ላይ ነው፤ የይቅርታው ዋጋ ይመስለዋል። ካህኑ ግን እንደ መድኃኒት በአቅም ነው የሚያዝዘው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ስግደት ቢታዘዝ፣ አቋርጦ ከሚጠፋ «አልችልም» ይበል፤ ይቀየርለታል። ምጽዋቱም የድኻ ነው፣ የንስሐ አባቱ አይደለም (ይህን ካህናቱም ቢያስታውሱት ደግ ነው)። የሰረቀ ደግሞ ንብረቱን ለባለቤቱ፣ ባለቤቱ ከሞተ ለወራሾቹ ይመልስ።