ምርጫ ስለበዛ ታሪኩ አያምርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቪዲዮ ጌም ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አርፒጂ (ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪኩን የሚመራበት የጌም ዓይነት) የሚመዘነው ለተጫዋቹ በሚሰጠው የምርጫ ብዛት እንደሆነ ተደርጎ ቀርቧል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በየደረጃው ለሁለት እየተከፈለ 10 ጊዜ የሚመረጥበት፣ መንገዶቹም መልሰው የማይገናኙበት ታሪክ 2,046 ትዕይንት መጻፍን ይጠይቃል። ተጫዋቹ በአንድ ዙር የሚያየው 10ሩን ብቻ። ጊዜና ገንዘቡ በዚያ ሁሉ ላይ ሲበተን ንግግሩ ይደርቃል፤ ገጸ ባሕርያቱም ስም ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ለዚህ ነው ጸሐፊዎቹ ቅርንጫፎቹን ከጥቂት ትዕይንት በኋላ መልሰው የሚያገናኟቸው። ይህ ነውር የለውም። የሚበላሸው መገናኛው ላይ ያለፈው ሁሉ ሲረሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ማስ ኢፌክት 3 በሦስት ጌም የተጠራቀመውን ምርጫ መጨረሻው ላይ ቀለማቸው እንጂ ይዘታቸው እምብዛም በማይለያይ ትዕይንቶች ዘጋው። የተጫዋቾቹ ቁጣ ሲበረታ፣ መደምደሚያውን የሚያሰፋ ተጨማሪ ክፍል በወራት ውስጥ በነጻ ተለቀቀ።

ዊቸር 2 የተባለው ጌም (2011) ውዱን መንገድ መረጠ፤ ከሁለቱ ባላንጣ ገጸ ባሕርያት ሮሽን የተከተለና ዮርቬትን የተከተለ ተጫዋች ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚያሳልፉት በተለያየ ሰፈር ነው። አንዴ ብቻ የተጫወተ ያን ሁሉ ድካም ሳያየው ይቀራል። በእኔ ሚዛን ዊቸር 3 (2015) በትንሽ ወጪ የተሻለ ሠርቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌራልት ዛፍ ሥር የታሰረ መንፈስ ከፈታ በረግረጉ የሚኖሩት ወላጅ አልባ ልጆች ይተርፋሉ፤ ሚስቱ የጠፋችበት ባሮን (የአካባቢው ገዥ) ግን ራሱን ይሰቅላል። መንፈሱን ከገደለው ደግሞ ባሮኑ አእምሮዋን የሳተች ሚስቱን ይዞ ይሄዳል፤ ልጆቹ ግን የሉም። ጌሙ ለዚህ የሚያስፈልገው የተመረጠውን መዝግቦ መያዝና ጥቂት የተለያዩ ትዕይንቶች ናቸው። ኃይሉ ያለው ውጤቱ መዘግየቱ ላይ ነው፤ ወዲያው ቢታይ ተጫዋቹ ቀድሞ ያስቀመጠውን ሴቭ (የተቀመጠ ጨዋታ) ከፍቶ ምርጫውን ይቀይር ነበር። ከሁለቱ የትኛው «ደግ» እንደሆነም ማንም አይነግረውም።

በአማርኛ ጌም ለሚጽፉ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ወጪ አለ። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት መሆንን ከመረጠ፣ እሱን ወይም እሷን የሚያናግር ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሁለቴ ይጻፋል፤ ድምፅ ካለውም ሁለቴ ይቀረጻል። አንድም ቅርንጫፍ ሳይከፈት ሥራው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ዋናውን ገጸ ባሕርይ «እርስዎ» ቢለው ይቃለላል፤ ግን ጓደኛም ጠላትም እኩል ሲያከብረው ለዛው ይጠፋል። ለመጀመሪያ ሥራ እንደ ጌራልት ማንነቱ አስቀድሞ የተወሰነ ሰው ይዞ መነሣቱ ይሻላል።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ