የሬቲናን የደም ሥሮች ስለ ማቅለም

የተከበራችሁ በደሴና በኮምቦልቻ የምትገኙ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንወያየው የሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ስስ ሽፋን) የደም ሥሮች አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ስለ መመርመር ነው። ተመራማሪዎቹ ኩዋባራና ኮጋን እ.ኤ.አ. በ1960 ባስተዋወቁት ዘዴ፣ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን የቆየው ሬቲና በውኃ በደንብ ከታጠበ በኋላ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ትሪፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) ውስጥ ይቀመጣል፤ የላላው የነርቭ ቲሹ በለስላሳ ብሩሽ ሲጠረግ የደም ሥሮቹ መረብ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያም በስላይድ ላይ ደርቆ በፒ.ኤ.ኤስ.ና በሄማቶክሲሊን በተባሉ ማቅለሚያዎች ይቀለማል። የፔሪሳይት (የትናንሽ ደም ሥሮችን ግድግዳ ከውጭ የሚያቅፍ ሕዋስ) ኒውክሊየስ ክብና ጠቆር ያለ፣ የኢንዶቴልየም ሕዋስ (የደም ሥሩን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍነው ሕዋስ) ኒውክሊየስ ግን ሞላላና ፈዘዝ ያለ ሆኖ ይታያል። የስኳር በሽታ ፔሪሳይቶችን ገና በጊዜ ስለሚያጠፋ፣ በእኔ አመለካከት የዘዴው ትልቁ ጥቅም ሁለቱን ለይቶ ለመቁጠር ማስቻሉ ነው። በአይጥ ሬቲና ላይ የተለመደውን የአይሶሌክቲን ቢ4 (ከደም ሥር ሕዋሳት ጋር የሚጣበቅ ፕሮቲን) ማቅለሚያም በአጭሩ እናያለን። በልምምዱ ወቅት ብሩሹን ስታንቀሳቅሱ እባካችሁ አትቸኩሉ፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከተበጠሱ ቆጠራው አይታመንም።