ነጠላ ሲያጥፍ የኖረ እጅ ወረቀት አያቅተውም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ናችሁ? እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አረጋውያን ቀን ቀን የሚውሉበት ሴንተር ውስጥ አክቲቪቲ አሠራለሁ። ጠዋት በቫን ከየቤታቸው ይመጣሉ፣ ነርሷ ግፊትና ስኳራቸውን ትለካለች፣ ምሳ በልተው ከሰዓት ይመለሳሉ። ብዙዎቹ የኛ ሰዎች ናቸው፣ ልጆቻቸው አምጥተዋቸው እዚህ ያረጁ፣ ልጆቹም ሁለት ሥራ ስለሚሠሩ ቤት ሲሆኑ ከቲቪ በቀር የሚያወራቸው የለም። የምጽፍላችሁ ከቁርስ እስከ ምሳ ስላለችው ሰዓትና እሷን በወረቀት ማጠፍ እንዴት እንደሞላናት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ ያቺ ሰዓት ዝም ብላ ነው የምትባክነው።

መጀመሪያ ሥራ ስገባ አሠሪያቸው ተብሎ የተሰጠኝ የሕጻናት ማቅለሚያ ደብተር ነበር፣ ጥንቸል፣ ኳስ፣ ዳክዬ ምናምን። እኔም ሳላስብ አደልኩ። አንድ ጋሼ የምንላቸው፣ ሀገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ያስተማሩ ሰው አሉ፣ ገለጥ አድርገው አዩትና በቀስታ ዘግተው ወደኔ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ለልጅ ልጄ የመጣ መሰለኝ፣ ተሳስተሽ ነው» አሉኝ። አልተቆጡም እኮ፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዛ በኋላ ነው አንዲት ጃፓናዊት የሥራ ባልደረባዬ ኦሪጋሚ ያሳየችኝ። ስሙ ራሱ በነሱ ቋንቋ ማጠፍና ወረቀት ማለት ነው፣ መቀስ የለ ሙጫ የለ፣ አንድ አራት ማዕዘን ወረቀት ብቻ። እሷ እንደነገረችኝ አያቷ የሚውሉበት ማዕከል ውስጥም ይሠራል፣ እዛ ማንም የልጅ ነገር ነው ብሎ አይንቀውም። እኔም ደስ ብሎኝ በማግስቱ 15 ሴንቲሜትር የሆነውን የተለመደውን ወረቀት ገዝቼ ሄድኩና በሽመላዋ ጀመርኩ (ጃፓኖች ጹሩ የሚሏት አንገተ ረጅም ወፍ ናት)። አልሆነም። እጥፋቷ ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው፣ ሞራ ያለበት ዓይን መስመሩን አያየውም፣ ቁርጥማት ያለበት ጣት ጥጉን አይዘውም። አንዳንዶቹ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም አሉ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አጀማመሬ ነው የተበላሸው።

ታዲያ ያን ቀን ከጥግ የተቀመጡ አንዲት እማማ፣ «እኔ አልችልም» ብለው ወረቀቱን ያልነኩት፣ ሌሎቹ ሲነሱ አንዱን የተጣለ ወረቀት አንስተው ጠቅለል አድርገው ጫፉን ወደ ውስጥ ቀልበስ ሲያደርጉት የቆሎ ጥቅልል ሆነ። ሁለት ሰከንድ አልፈጀባቸውም። ለካ እሳቸው ጉልት ተቀምጠው በደብተር ወረቀት ቆሎና ኦቾሎኒ እየጠቀለሉ ነው ልጆቻቸውን ያስተማሩት! ስንት ሺህ ወረቀት አጥፈዋል መሰላችሁ። እኔ ነኝ የሚችሉትን ሳልጠይቅ የማይችሉትን ያመጣሁባቸው።

ከዛ ወዲያ ነገሩን በኛው ቋንቋ አዞርኩት። «አግድም እጠፉ» ማለት ትቼ «ነጠላ ስታጥፉ ጠርዙን ከጠርዝ ታገናኙ የለ፣ እንደዛ» ስል እናቶች ወዲያው ገባቸው። መሶብ ሲሰፉ የኖሩ እጆች እኮ ናቸው፣ ስንደዶና አክርማ የለመደ ጣት መቼ መጥበቅ መቼ መላላት እንዳለበት ያውቃል። ወረቀቱንም ቀየርኩት፣ የፕሪንተር ወረቀት ጥጉን ወደ ተቃራኒው ጠርዝ አጥፈህ የተረፈውን ስትቆርጥ ከ21 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ አራት ማዕዘን ይወጣዋል፣ ዋጋውም እርካሽ ነው። ሁለቱ ገጽ በቀለም ቢለያይ ደግሞ ዓይኑ የደከመ ሰው የትኛው ውስጥ የትኛው ውጭ እንደሆነ ያውቃል። መስመሩን ለማጥበቅ ጥፍር ስለሚያማቸው የሻይ ማንኪያ ጀርባ ሰጠኋቸው። ሌላው ትልቅ ነገር፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳሳይ ግራው ቀኝ ይሆንባቸው ነበር፣ አሁን አጠገባቸው ጎን ለጎን እቀመጣለሁ። ስትሮክ መቷቸው አንድ እጃቸው የማይታዘዝ አባት አሉ፣ እሳቸው በደህናው እጅ ወረቀቱን ይጫናሉ፣ ጓደኛቸው ያጥፋል፣ የወረቀት ሳጥኑ ሲያልቅ የሁለቱም ነው።

የምለምናችሁ ግን፣ አትንጠቋቸው። ልጆች ሊወስዷቸው ሲመጡ «እማዬ ቆይ ላድርግልሽ» ብለው ይቀበሏቸዋል፣ በፍቅር ነው አውቃለሁ፣ ግን የተጣመመ ሳጥን በገዛ እጃቸው የሠሩት እናንተ ከሠራችሁት ቀጥ ያለ ይበልጥባቸዋል።

ጋሼስ? መጀመሪያ ሩቅ ሆነው ያዩ ነበር። አንድ ቀን የወረቀቱን አንድ ጥግ ከተቃራኒው ጎን መሃል ላይ በትክክል አሳርፌ አጥፌ አስቀመጥኩላቸውና «ጋሼ፣ እዚህ ጥግ ላይ የወጣውን ሦስት ማዕዘን ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ እስክሪብቶ ጠየቁ፣ ምሳ ደርሶ አልተነሱም። ጎኖቹ የ3፣ የ4 እና የ5 ምጣኔ ናቸው፣ ያለ ማስመሪያ! አሁን ረቡዕ ረቡዕ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ዮሺዛዋ የሚባለው ትልቁ የጃፓን የኦሪጋሚ ሰው (1911 ተወልዶ በ2005 ነው ያረፈው፣ በፈረንጆቹ) ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ለወጣት ሠራተኞች ጂኦሜትሪ በወረቀት ማጠፍ ያስተምር እንደነበር ስነግራቸው «ይኸው፣ አስተማሪ ነዋ» አሉ ደስ ብሏቸው።

አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ፣ ባዕድ አምልኮ የለበትም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፣ ስለ ሺህዋ ሽመላ ሰምተው ነበር። ጃፓን ውስጥ 1000 ሽመላ ያጠፈ ምኞቱ ይሞላለታል የሚል አባባል አለ፣ ለታመመ ሰውም ያጥፋሉ። የሂሮሺማዋን ሳዳኮ ሳሳኪን ነገርኳቸው፣ የአቶሚክ ቦምቡ ሲወድቅ የ2 ዓመት ልጅ ነበረች፣ በኋላ የደም ካንሰር ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ሽመላ ስታጥፍ በፈረንጆቹ 1955 በ12 ዓመቷ አረፈች። ሁሉም ከንፈራቸውን መጠጡ። እናትየዋ ዝም ብለው ቆዩና «እኛ እግዜር ይማርሽ የምንልበት ይሁን» አሉ፣ እና ያን ሰሞን ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ለገባች ጓደኛቸው አንድ ሳጥን ሙሉ አበባ አጥፈው ላኩ። ሽመላዋንም እኮ አሁን አራት ሰዎች ይችሏታል፣ ትልቅ ወረቀት ሆኖ፣ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ሳይቸኮሉ።

ሌላም የምለው አለ፣ ሰው እየጠራ «የመርሳት በሽታ ያድናል አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል። አያድንም። አልዛይመርን የሚያድን ነገር እስካሁን የለም፣ ተስፋ እንድትገዙ አልፈልግም። እኔ ያየሁት ግን የትናንቱን ቁርስ የማያስታውሱ እናት ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ ጣታቸው ቀጣዩን እጥፋት ሲያስታውስ ነው፣ እና ያ ሰዓት ለሳቸው ጥሩ ሰዓት ነው፣ ይበቃል ለኔ።

አሁን የምጠይቀው፣ በየቤተክርስቲያኑ ቅዳሜና እሁድ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት አዳራሽ አለ አይደል? እናትና አባቶቻችንን እዛ አምጡልን። ልጆቹ ወረቀት ያጥፋሉ፣ እነሱ ያስተምራሉ፣ አማርኛውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያት አፍ ይሰማል፣ «እጠፊ፣ ገልብጪ፣ ጫን በይው» እየተባለ። ሀገር ቤት ያላችሁም መቄዶንያን የመሳሰሉ ማዕከሎች ለመጠየቅ ስትሄዱ ከልብሱና ከምግቡ ጋር አንድ ደስታ ወረቀት ያዙና አንድ ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። ወረቀት ካጣችሁ ያነበባችሁት ጋዜጣ ይሆናል፣ እንደውም ሳሳ ስለሚል ለደከመ ጣት ይመቻል፣ እኛም የናንተን አንብበን ስንጨርስ አራት ማዕዘን አድርገን እንቆርጠዋለን።

እኛ ጋ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ እየተዘጋጀን ነው። ሀገር ቤት ልጆች ናቸው አበባ ሥለው ለትልልቆች የሚሰጡት፣ ዘንድሮ አረጋውያኑ ለልጆቹ ሊሰጡ ነው። ሁለት ቢጫ እጥፋት አቋርጠን ስናነባብር ስምንት ጫፍ ይወጣዋል፣ አደይ ይመስላል። 140 ደርሰናል፣ የሚቆጥሩት ጋሼ ናቸው፣ 200 ሳይሞላ ወረቀቱን አታንሺ ብለውኛል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ