ቅዳሜ ቆዳ ልንገዛ ነው

ሰላም የጫማ ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ቅዳሜ በጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ መርካቶ እንወርዳለን። ባለፈው ጊዜ ተሸውጄ ስለነበር ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

የቆዳው ቀለም አያታልላችሁ። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉትና በአውራ ጣት ጫን በሉት። ቀጭን መስመር ታይቶ ስትለቁት ከጠፋ ጥሩ ነው። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም ፊቱ ላልቶ ከተሸበሸበ ተዉት። እኔ የገዛሁትን ቆዳ ፎርማ (ጫማ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) ላይ ስወጥረው የጫማው አፍንጫ ላይ ተላጠብኝ። የሁለት ቀን ልፋት ገደል ገባ። ለቶማያ (ለጫማው የላይኛው ክፍል) ከጀርባው በኩል ያለውን ቁረጡ። የሆዱ ይለጠጣል፤ ለጫማው ምላስ ግን ይሆናል። ለወንድ ጫማ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይስማማል። የአገራችን የበግ ሌጦ ለስላሳ ነው፣ ለጓንት በውጭ ገበያ ሳይቀር ይፈለጋል። ለቶማያ ግን ቶሎ ይለጠጣል። ለገበር የፍየሉ ይሻላል።

ከመሣሪያ ወስፌና ቢላ ላይ አትሰስቱ። ወስፌው ከክሩ በጣም ከወፈረ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል። የከተማችንን ጭቃ ታውቁታላችሁ! ጉጠት ስትመርጡ ቁራጭ ቆዳ አስይዛችሁ ሳቡት። ጥርሱ ቆዳውን ከበጣ ሌላ ፈልጉ። መዶሻ እንኳ ያለን ይበቃል።

ለክሩ የንብ ሰም ከዚሁ እንገዛለን። ፎርማ የምትፈልጉ ቁጥሩን እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ።